የሌለውን ቀለበት መለካት

የልብ ሐኪሞች በየቀኑ የሚለኩት፣ የሰውን ልብ ከፍቶ ያጠና ባለሙያ ግን ያላገኘው አንድ ቀለበት አለ። ደም ከግራው የልብ ክፍል ወደ ታላቁ የደም ሥር፣ ወደ አኦርታ፣ በሚወጣበት በር ላይ ሦስት ስስ ቅጠሎች አሉ። ሲከፈቱ ደሙን ያሳልፋሉ፤ ሲገጥሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዱታል። ቅጠሎቹ ከግድግዳው ጋር የተያያዙት ግን ዙሪያውን በሚዞር ክብ መስመር አይደለም። የእያንዳንዱ ጠርዝ ከላይ ይነሳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ተመልሶም ይወጣል። ሦስቱ ተገጣጥመው ሲታዩ ሦስት ጫፍ ያለው ዘውድ ይሠራሉ። ክብ የሚባል ነገር የለም።

ይህ በር፣ ማለትም ቫልቩ፣ ሲበላሽ በስፍራው የሚገባው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ግን ክብ ነው፤ ክብ ነገር የሚገባበት ስፍራ ደግሞ ስፋቱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ሐኪሞች አንድ ነገር ተስማሙ። የሦስቱ ቅጠሎች ዝቅተኛ ነጥቦች ይያዙ፤ በሦስት ነጥቦች ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ገጽ አንድ ብቻ ስለሆነ በሲቲ ስካን ምስል ላይ ኮምፒውተሩ ያንን ገጽ ይሳል፤ ገጹ የልቡን ግድግዳ የሚቆርጥበት መስመር ቀለበት ይባል። ቀለበቱ የተወለደው እንዲህ ነው። የራሱ ሥጋ የለውም፣ ጅማት የለውም፣ ቢላ አይነካውም። ሲቲ ስካኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

በዚህ ቀለበት ላይ የተሳሳተ ሐኪም ግን ሰው ይገድላል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በብዛት ከሚተከሉት ቫልቮች አንዱ የሚመጣው በአራት ልክ ነው፤ 20፣ 23፣ 26 እና 29 ሚሊሜትር። ልኩ ካነሰ ደም በቫልቩ ዙሪያ ያሾልካል፣ ሲብስም ቫልቩ ከቦታው ተነቅሎ በደሙ ይወሰዳል። ከበዛ የአኦርታው ሥር ሊቀደድ ይችላል፤ ያ ከሆነ ከጠረጴዛው የሚነሳ ሕመምተኛ ጥቂት ነው። እንግዲህ በሥጋ የሌለ፣ ስሕተቱ ግን በሥጋ የሚከፈል ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው? አለ እንበል ወይስ የለም?

ይህን ጥያቄ የሚያከብደው አንድ ልማዳችን ይመስለኛል። ምስልን በዓይን ወገን እንመድበዋለን። ሐኪሙ በስክሪኑ ላይ ልቡን «አየ» እንላለን። እኔ ግን ምስልን የምመድበው በምስክር ወገን ነው። በዋርካ ሥር የሚቀመጥ ዳኛ ድርጊቱን አላየም። ያየውን ሰው ይሰማል፤ የት ቆሞ እንዳየ፣ ጊዜው ጨለማ ይሁን ብርሃን፣ ከተከሳሹ ጋር ቂም ይኑረው አይኑረው ይጠይቃል። አንድ ምስክር አይበቃውም። ሲፈርድ ግን ፍርዱ ራሱ እንዳየ ሰው ፍርድ ይጸናል፤ ርስትም ይነቀልበታል። ቀለበቱም እንዲህ ያለ ፍርድ ነው። ከምስክሮች ቃል ተጣርቶ የወጣ፣ ከወጣ በኋላ ግን ሕይወት የሚያቆምና የሚያፈርስ።

ድሮ ምስክር አልነበረም፤ ጣት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሱታር የሚባል ቀዶ ሐኪም የአንዲት ወጣት ሴት ልብ እየመታ ሳለ በግራው የላይኛ ክፍል ቀዳዳ ከፍቶ ሌባ ጣቱን አስገባ። ምንም አያይም። የጠበበውን ቫልቭ ዳሰሰ፣ ስፋቱን ገመተ፣ በዚያው ጣት አሰፋው። ሴትዮዋ ተረፈች። ሌሎች ሐኪሞች ግን ሁለተኛ ሕመምተኛ ሊልኩለት ስላልፈለጉ ነገሩ በዚያው ቀረ። በሰኔ 1948 ቻርልስ ቤይሊ በፊላዴልፊያ፣ ድዋይት ሃርከን በቦስተን በቀናት ልዩነት ያንኑ መንገድ እንደገና ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየአገሩ ቀዶ ሐኪሞች በጭፍን፣ በጣት ጫፍ ብቻ፣ የልብ ቫልቭ ሲያሰፉ ኖረዋል። ዳግማይ ትንሣኤ በደረሰ ቁጥር የምናስበው ቶማስ ካልዳሰስኩ አላምንም ብሎ ነበር፤ እነዚህ ሐኪሞች የእርሱ ወገን ናቸው።

ከዚያ የዓይን ዘመን መጣ። ደምን ከሰውነት ውጭ የሚያዘዋውር ማሽን ሲሠራ ልብን አቁሞ፣ ከፍቶ፣ በመብራት ሥር ማየት ተቻለ። በ1960 ይህን ከምጽፍበት ከሲያትል በስተደቡብ ሦስት ሰዓት በሚያስነዳው ፖርትላንድ ቀዶ ሐኪሙ አልበርት ስታርና ጡረታ የወጣው መሐንዲስ ሎውል ኤድዋርድስ የሠሩት፣ በሽቦ ጎጆ ውስጥ የምትንሳፈፍ ኳስ ያለችው ቫልቭ ከሰው ልብ ውስጥ ገባች። ይህ ዘመን ለፍልስፍና አይመችም፤ ምክንያቱም ችግር የለበትም። ሐኪሙ ያያል፣ ይዳስሳል፣ የታመመውን ቅጠል ቆርጦ ያወጣል፣ መለኪያውን በስፍራው አስገብቶ ይሞክራል፣ የገጠመውን ልክ ይሰፋል። ዓይንና እጅ አንድ ቦታ ናቸው። የሚከፈለው ዋጋ የደረት አጥንት መሰንጠቅና የልብ መቆም ነው። ያን ዋጋ መክፈል የማይችል ሽማግሌ ግን ወደ ቤቱ ይላክ ነበር።

ኤፕሪል 16 ቀን 2002 ፈረንሳይ፣ ሩዋን ከተማ ውስጥ የልብ ሐኪሙ አላን ክሪቢዬ ማንም ሊከፍተው የማይደፍረውን የ57 ዓመት ሕመምተኛ ከብሽሽቱ በገባ ሽቦና ቱቦ ላይ በተጠቀለለ ቫልቭ አከሙት። ሐሳቡን ከዚያ በፊት፣ በ1989፣ ዴንማርካዊው ሄኒንግ ሩድ አንደርሰን በአሳማ ላይ ሞክሮት ነበር። በዚያች ቀን ዓይንም ጣትም ከልቡ ወጡ። እጅ ብሽሽት ላይ ቀረ፣ ቫልቩ ደረት ውስጥ ነው፤ ዓይን ደግሞ ከሁለቱም ሌላ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን ያያል። ክሪቢዬ ሳይዳስሱ ካመኑት ወገን ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሕክምና የቆመው በምስክር ቃል ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ራጅ ነው። ራጅ አጥንት ያያል፣ ብረት ያያል፣ በቫልቩ ላይ የጋገረውን ካልሲየም ያያል። ሥጋና ደም ግን ለእርሱ አየር ናቸው። ቫልቩ የሚቀመጥበትን ስፍራ እንዲያሳይ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በቱቦ ይረጭለታል፤ ለሁለትና ሦስት ምት የአኦርታው ሥር ጥቁር ሆኖ ይታይና ይታጠባል። ያም ፈሳሽ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ የሚታከሙትም ብዙዎቹ ኩላሊታቸው የደከመ አረጋውያን ናቸው። ስለዚህ ይህ ምስክር ብዙ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ምስክር፣ የአልትራሳውንዱ ዶፕለር፣ የሚሰማ እንጂ የሚያይ አይደለም፤ የሲያትል ድርሻም ያለው እዚህ ነው። ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ፕራግ ላይ ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም ሲጽፍ፣ የሚቀርብና የሚርቅ ነገር ሞገዱ ይለወጣል አለ። በ1950ዎቹ ጃፓናዊው ሺጌኦ ሳቶሙራ ኦሳካ ላይ ይህን በልብ ላይ ሞከረው። በ1961 ደግሞ በሲያትሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሮበርት ረሽመር ቡድን አባላት ዲን ፍራንክሊንና ዊልያም ሽሌገል ከረሽመር ጋር ሆነው፣ ከሚፈስ ደም ተንጸባርቆ በሚመለስ ድምፅ የደሙን ፍጥነት መለካት እንደሚቻል ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። እዚያው ቤት ዶናልድ ቤከርና ባልደረቦቹ ድምፁን በአጭር በአጭሩ እየቆረጡ በመላክ ፍጥነቱ የተለካው በየትኛው ጥልቀት እንደሆነ የሚለይ መሣሪያ ሠሩ። ሥራው ከላቦራቶሪ ወጥቶ፣ በ1969 በሲያትል አካባቢ በተቋቋመው ኤ.ቲ.ኤል. በተባለው ኩባንያ በኩል ወደ ሆስፒታሎች ገባ። ኩባንያውን በ1998 ፊሊፕስ ገዛው። ዛሬ በዚህ ከተማ ስለ አውሮፕላንና ስለ ሶፍትዌር እንጂ ስለዚህ የሚያወራ ሰው ብዙም አልሰማሁም።

ዶፕለር ቫልቩን አያሳይም። የሚናገረው ደሙ በጠበበው በር ሲያልፍ ምን ያህል እንደሮጠ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ በሰከንድ ወደ አንድ ሜትር ነው፤ አራት ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መጥበቡ ከባድ ነው ይባላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኖርዌያዊቷ ሊቭ ሃትልና ባልደረቦቿ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ በአራት በማባዛት በበሩ ሁለት ወገን ያለውን የግፊት ልዩነት ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ፤ አራት ሜትር ማለት 64 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚያ በፊት ይህን ቁጥር ለማግኘት ቱቦ ልብ ውስጥ መስደድ ግድ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዶፕለር የሚልከው ድምፅ ከደሙ ፍሰት ጋር ትይዩ ካልሆነ ፍጥነቱን አሳንሶ ይናገራል። አሳንሶ እንጂ አስበልጦ አይደለም። ስለዚህ የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ መሣሪያውን በጡት ሥር፣ በቀኝ የደረት አጥንት ጠርዝ፣ በአንገት ሥር ባለችው ጎድጓዳ እያዘዋወረች ትሰማለች፤ በመጨረሻም ከሰማቻቸው ሁሉ ትልቁን ቁጥር ትወስዳለች። አማካዩን አትወስድም፤ ብዙ ጊዜ የተደጋገመውንም አትወስድም። የትኛው ምስክር በምን በኩል እንደሚሳሳት ካወቅህ ከስሕተቱ ውስጥ እውነት ማውጣት ትችላለህ። ይህ ለእኔ ከዚህ ሙያ ሁሉ የሚበልጥ ጥበብ ነው፤ የማይሳሳት ምስክር ከመፈለግ ይልቅ ስሕተቱ ወዴት እንደሚያዘነብል የታወቀ ምስክር መፈለግ። እዚሁ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ካትሪን ኦቶ ስለ ልብ አልትራሳውንድ በጻፉት መማሪያ መጽሐፍና በ2014 እና በ2020 በጋራ በመሩት የአሜሪካ የቫልቭ ሕክምና መመሪያ ሐኪሞች ቁጥሮቹን እንዴት እንደሚመዝኑ ካስተማሩት ዋነኛዋ ናቸው።

ሦስተኛው ምስክር ሲቲ ስካን ነው፤ ቀለበቱን የሚስለውም እርሱ ነው። ቀለበቱ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን የገለጠው ይህ ምስክር ነው። አንድ ገጽ ብቻ የሚያሳየው ተራ አልትራሳውንድ አጭሩን ስፋት እየለካ ልኩን ያሳንስ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደም በቫልቮቹ ዙሪያ በብዛት ያሾልክ የነበረውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሲቲ ስካንም ግን ነውር አለው። ካልሲየምን ካለው በላይ አግዝፎ ያሳያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃሉን የሰጠው ቀደም ብሎ ነው። ሥራው በሚሠራበት ሰዓት እዚያ የለም፤ ጽሑፉ ብቻ ይነበባል።

ክፍሉ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ይጋጠማሉ። ሲቲው ቀድሞ አንድ ማዕዘን ሰጥቷል፤ የራጁ ክንድ በዚያ ማዕዘን ሲዞር የሦስቱ ቅጠሎች ግርጌ በአንድ መስመር ላይ ይሰለፋል። ማዕዘኑ ከተሳሳተ ቫልቩ ያዘመመ ይመስላል፤ ሐኪሙም ያላዘመመውን ሊያቃና ሲል ያዘማል። ወደ ታች ጥቂት ሚሊሜትር ከወረደ የልብን ምት የሚያስተላልፈውን መስመር ሊጫን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕመምተኛው ዕድሜ ልኩን ፔስሜከር ይሸከማል። ወደ ላይ ከወጣ ሊነቀል ይችላል። ሁሉም ሲስማሙ ልቡ በኤሌክትሪክ በደቂቃ እስከ 180 እና ከዚያ በላይ እንዲመታ ይደረጋል። በዚያ ፍጥነት ልብ ይርገበገባል እንጂ ደም አይረጭም፤ የደም ግፊቱ ይወድቃል፤ ፊኛው ይነፋል፤ ቫልቩ ይከፈታል፤ ፊኛው ይሟሽሻል። ሰከንዶች ናቸው። ቫልቩ አንዴ ከተከፈተ ይግባኝ የለም። ቀድሞ ሕመምተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ በጉሮሮው የሚገባ አልትራሳውንድ ከልቡ ጀርባ ሆኖ ይመሰክር ነበር። አሁን በብዙ ቦታ ሰውየው እምብዛም ሳይደነዝዝ ስለሚሠራ ያ ምስክር ተሰናብቷል። ፈጣን ነው፣ ለአረጋውያንም ይቀላል። እኔ ግን ምስክር በተሰናበተ ቁጥር ዳኛው ምን እንዳጣ ማወቁን ማረጋገጥ እወዳለሁ።

እዚህ ቦታ የፕላቶንን ዋሻ ማምጣት ቀላል ነው፤ ሰዎች በግድግዳ ላይ ጥላ እያዩ እውነት መሰላቸው የሚለውን። አይገጥምም። የዋሻው እስረኞች አንገታቸው የታሰረ ነው፤ እሳቱንም ሊያዞሩት አይችሉም። የራጁ ክንድ ግን ይዞራል። አንድ ጥላ ይዋሻል፤ መብራቱን ዞር ባደረጉት ቁጥር የሚለወጥ ጥላ ግን ስለ ነገሩ ቅርጽ ብዙ ይናገራል። ሐኪሙ ከዋሻው አልወጣም፤ በዋሻው ውስጥ እሳቱን ማንቀሳቀስ ተማረ እንጂ።

ሕመምተኛውስ ምን ያያል? በዚህ ከተማ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የአልትራሳውንድ ስክሪን ሲዞርላቸው እናስብ። «ይዩት እማማ፣ ይኼ የእርስዎ ልብ ነው» ይላል አስተርጓሚው። እማማ ቀይና ሰማያዊ ሲንቦገቦግ ያያሉ። ቀዩ ጥሩ ደም፣ ሰማያዊው የተበላሸ ደም ይመስላቸዋል። ማንም አልነገራቸውም እንጂ ቀይ ማለት ወደ መሣሪያው የሚመጣ፣ ሰማያዊ ማለት ከመሣሪያው የሚሸሽ ማለት ብቻ ነው፤ ቀለሙን የሰጡት መሐንዲሶች ናቸው። እንደ ቀለበቱ ሁሉ ስምምነት ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ እናንተ ካያችሁት ይበቃኛል» ይሉና ይፈርማሉ። ሀርበርቪው ሆስፒታል ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኢትኖሜድ በሚባለው ሥራውና በማኅበረሰቡ መካከል በሚመላለሱ አስተርጓሚ ሠራተኞቹ ይህን ክፍተት ለማጥበብ ደክሟል፤ በአማርኛም ጭምር። ክፍተቱ ግን የቋንቋ ብቻ አይደለም። የቃሉ ትርጉም የገባው ሰውም ምስሉ ስምምነት መሆኑን ካላወቀ የፈረመው በማያውቀው ነገር ላይ ነው።

ሌላም የማይነገር አለ። ከቫልቮቹ አንዱ ዓይነት ቅጠሉ የሚሠራው ከከብት የልብ ሽፋን ነው፤ ሌላው በሰፊው የሚተከል ዓይነት ከአሳማ። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ባብዛኛው ምስሉ ነው፤ የቀለበቱ ስፋት፣ የደም ሥሩ ጥበት፣ የልብን ሥጋ የሚቀልቡት ሥሮች ከፍታ። ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ አሳማ በቤታቸው ገብቶ የማያውቅ አዛውንት ግን የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። መብላትና መሸከም አንድ ነው ወይ? መልሱን የንስሐ አባታቸው ወይም ሼኻቸው ይስጧቸው፤ እኔ አልሰጥም። ጥያቄውን እንዲጠይቁ መንገር ግን የሐኪሙ ግዴታ ይመስለኛል፤ ሲቲ ስካን ያላየው የልባቸው ክፍል ይህ ነውና።

ወደ ካልሲየሙ ልመለስ፤ ምክንያቱም ነገሩ ከሲያትል ወደ አገር ቤት የሚሻገረው በእርሱ ላይ ነው። ድሮ የአረጋውያን ቫልቭ መድረቅ እንደ ልብስ ማለቅ ይቆጠር ነበር። ኦቶና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ የነገሩን ጅማሬ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን አሳዩ። አዲሱ ቫልቭ ከልቡ ጋር በስፌት አይያያዝም፤ የቆመው የብረት ቅርጫቱ ያን የደረቀ ካልሲየም ነክሶ ስለሚይዝ ነው። በሽታው ራሱ መድኃኒቱን አቅፎ ይይዛል ማለት ነው። ራጁም ካልሲየሙን እንደ ምልክት ይጠቀምበታል።

በኢትዮጵያ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው ግን ባብዛኛው እርጅና አይደለም፤ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ጉሮሮ ያቆስላል፤ ሰውነት ሊዋጋው ሲነሳ አንዳንድ ጊዜ የገዛ ልቡን ቫልቭ አብሮ ይወጋል። ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ይህ ነው። በአንዳንድ መንደሮች ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ለእንጥል ቆራጭ ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ግን አይቆረጥም። ሕመሙ የያዘው ልጅ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ቫልቮቹ ሊጠቡ ወይም ሊያሾልኩ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም ነክሶ የሚይዝ ካልሲየም አይኖራቸውም። ስለዚህ በሲያትል ሰማንያ ዓመት ለሞላቸው አዛውንት የሚሠራው ነገር፣ በአንድ ሌሊት ያለ ክፍያ አዲስ አበባ ቢደርስ እንኳ፣ ለአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ አይሆናትም። ለእርሷ ያለው ባብዛኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ ባቋቋሙት ማኅበር ጥረት በጥቁር አንበሳ ግቢ የተሠራው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በር ላይ የሚጠብቁት በሺዎች ናቸው። የብረት ቫልቭ ካገኘች ደግሞ ዕድሜ ልኳን ደም ማቅጠኛ ትውጣለች፤ በየጊዜው ደሟ ይለካል፤ በጾም ወራት የምትበላው ጎመን እንኳ መድኃኒቱን ሊያዛባው ይችላል።

ኬፕ ታውን ውስጥ ፒተር ዚላና ባልደረቦቹ ስትሬት አክሰስ በተባለ ኩባንያ ሌላ መንገድ ሲሞክሩ ቆይተዋል። የሚሠሩት ሩማቲክ ለያዛቸው ወጣቶች ነው፤ መሣሪያው ከቅጠሎቹ ጉያ ገብቶ ስፍራውን በመንካት የሚያገኝ፣ ልብን በኤሌክትሪክ ማስሮጥ የማይጠይቅ፣ ውድ የምስል መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታልም እንዲሠራ የታሰበ ነው። ከሱታር ጣት እስከዚህ ድረስ መንገዱ ዞሮ ወደ መዳሰስ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን እንደ ድሃ መፍትሔ የሚያየው ሰው ይኖራል። እኔ አላየውም። ቦታውን ዳስሶ የሚያውቅ መሣሪያ ከሦስት ምስክር በላይ ሊታመን ይችላል፤ ቶማስ ሁልጊዜ አልተሳሳተም።

አልትራሳውንዱ ግን ከቫልቩ ቀድሞ ደርሷል። ዛሬ ኪስ የሚገባ መሣሪያ ከስልክ ጋር ተያይዞ ትምህርት ቤት ውስጥ የልጅ ልብ ያሳያል። በኢትዮጵያ ከ3,000 በላይ ተማሪዎች የታዩበት አንድ ጥናት ከ1,000 ልጆች በ19ኙ ላይ የሩማቲክ ልብ ሕመም ምልክት አግኝቷል፤ አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም ነበር። ይህ ቁጥር ሲነገር የሚጨበጨብበት ስብሰባ አለ። እኔን ግን ያስፈራኛል። ዳኛ ምስክር ከሰማ በኋላ ፍርድ ሳይሰጥ ሊነሳ አይችልም፤ ባይሰማ ይሻለው ነበር።

ሲያትል ይህን ፍርሃት ታውቀዋለች። በ1960 ቤልዲንግ ስክሪብነር እዚህ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሠራው የቴፍሎን ቱቦ የኩላሊት እጥበት ሰውን ለዓመታት ማኖር እንደሚችል ታየ። ማሽኑ ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ ሆነ። ማን እንደሚኖር እንዲመርጡ ከከተማው ተራ ሰዎች አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1962 ሻና አሌክሳንደር በላይፍ መጽሔት ስትጽፈው አገሩ ደነገጠ፤ የሕክምና ሥነ ምግባር የሚባለው ትምህርት የተወለደበት አንዱ ቀን ያ ነው ይባላል። ድንጋጤው ግን በስብሰባ ብቻ አላለቀም፤ በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት የእጥበቱን ወጪ መንግሥት እንዲሸፍን ሕግ አወጣ።

ለሩማቲክ ልብ ሕመም የሚያስፈልገው ከዚያ ይቀላል፤ መርፌ ነው። በሰሜን ኡጋንዳ፣ በጉሉ፣ በአልትራሳውንድ ብቻ የታየ ድብቅ ሕመም ያለባቸው 818 ልጆች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ወሰዱ፤ ግማሾቹ አልወሰዱም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ የባሰባቸው መርፌ ካልወሰዱት ከ100 ውስጥ 8.2 ሲሆኑ፣ ከወሰዱት 0.8 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በ2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ምስሉ ያዳናቸው መርፌውን የሚወጋ ነርስ ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ከተማ መሣሪያ ሰብስባችሁ ለበጎ ሥራ ወደ አገር ቤት ለምትሄዱ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የአልትራሳውንድ ባለሙያዎች የምለው አለኝ። የልጁን ልብ ከማየታችሁ በፊት መርፌውን የሚወጋውን ጤና ጣቢያ አግኙ፤ ፔኒሲሊኑ መኖሩን፣ መዝገቡን የሚይዝ ሰው መመደቡን፣ ቀጠሮ የሚቀር ልጅ ሲኖር እናቱን የሚፈልግ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መኖሩን አረጋግጡ። ይህ ካልተገኘ መሣሪያውን አታውጡ። እናንተ የምትቆዩት ሁለት ሳምንት ነው፤ መርፌው በየ28 ቀኑ ለዓመታት ነው።